በልብስ ማምረቻ ውስጥ ያለ የሕፃናት ጉልበት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ከሠራ ሁልጊዜ ሕገወጥ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138 (እ.ኤ.አ. 1973) የሥራ መነሻ ዕድሜውን 15 ዓመት ያደርጋል፤ ኢኮኖሚያቸው ያልዳበረ አገሮች በ14 መጀመር ይችላሉ። ለአደገኛ ሥራ ግን ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የሰዓቱ ገደብ ነው። በባንግላዲሽ የእ.ኤ.አ. 2006 የሥራ ሕግ መሠረት ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ፋብሪካ ውስጥ መሥራት የሚችለው በቀን 5 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓትም ክልክል ነው። ስለዚህ የ16 ዓመት ልጅ መቀጠሯ ሕጋዊ ሆኖ፣ 10 ሰዓት ማሽን ላይ መዋሏ ሕገወጥ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ትልልቆቹ ብራንዶች ፋብሪካዎችን ያስፈትሻሉ። ታዲያ ልጆቹ የት ነው ያሉት?

መልስ፦ ፍተሻው ከማይደርስበት ቦታ። ኦዲተር የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ልብሱ ተቆርጦ በሚሰፋበት ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ትእዛዝ ሲበዛበት ለገዢው ሳያሳውቅ ሥራውን ለትንንሽ ወርክሾፖች ያካፍላል። ጥልፍ፣ ዶቃ መትከልና ትርፍ ክር መልቀም ደግሞ በተሠራው ልብስ ቁጥር እየተከፈለ በየቤቱ ይሠራል፤ እዚያ ልጅ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ሲሠራ የሚመዘግብ የለም። ከስፌቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ክሩና ወደ ጥጡ ሲኬድ ይብሳል። በደቡብ ሕንድ ታሚል ናዱ ክር ፋብሪካዎች ወጣት ሴቶች “ሱማንጋሊ” በሚባል ውል ለ3 ዓመት ያህል ይያዛሉ፤ ለጋብቻ ወጪ ይሆናል የተባለው ዋና ክፍያ የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ብትታመም እንኳ አቋርጣ መውጣት ይከብዳታል። የተዳቀለ የጥጥ ዘር በሚመረትበት ማሳም አበባ በአበባ በእጅ የማዳቀሉ ሥራ ላይ ልጆች ይገኛሉ።

የምስክር ወረቀት ደግሞ ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ካራቺ ውስጥ ከ250 በላይ ሠራተኞች የተቃጠሉበት ፋብሪካ የታወቀ የሠራተኛ አያያዝ ደረጃ ሰርተፊኬት ካገኘ ሳምንታት ብቻ ነበር የሆነው።

ጥያቄ፦ ልጅ ሲሠራ ከተገኘ ወዲያው ማሰናበት አይሻልም?

መልስ፦ በፍጹም! በዚህ ላይ መማሪያ አለን። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካዊው ሴናተር ቶም ሃርኪን በልጆች ጉልበት የተመረተ ዕቃ እንዳይገባ የሚከለክል ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ረቂቁ ሳይጸድቅ የባንግላዲሽ ፋብሪካዎች ገበያ እንዳያጡ ፈርተው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን አባረሩ። ዩኒሴፍ እንደዘገበው ብዙዎቹ ድንጋይ መፍለጥ፣ የጎዳና ንግድና ሴተኛ አዳሪነት ውስጥ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1995 የአገሪቱ የልብስ ፋብሪካ ባለቤቶች ማኅበር፣ የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኒሴፍ ተፈራርመው ትምህርት ቤት ሳይዘጋጅ ማባረር ቆመ፤ ለሚማር ልጅም በወር 300 ታካ (የባንግላዲሽ ገንዘብ) ተቆረጠለት። ድጎማው ከቀድሞ ደመወዙ ማነሱ ጉድለቱ ነበር።

ዛሬ የሚመከረው ይህ ነው፦ ልጁን በዕለቱ ከሥራው ማንሳት፣ ለብቻው ወደ ውጭ አለመልቀቅ፣ ቤተሰቡን ማግኘት። ከዚያ ሕጋዊ ዕድሜው እስኪደርስ፣ ትምህርት ቤት መገኘቱ እየተረጋገጠ፣ ያገኝ የነበረውን ገንዘብ በየወሩ መክፈል። ከቤተሰቡ ሥራ የሚፈልግ አዋቂ ካለ ቦታውን ለእሱ መስጠት። ወጪውን ገዢው ድርጅት ካልተጋራ አምራቹ ቀጣዩን ልጅ ይደብቃል።

ጥያቄ፦ ዕድሜ እንዴት ይጣራል? መታወቂያው ተጭበርብሮ ከሆነስ?

መልስ፦ በአንድ ሰነድ አይወሰንም። የልደት ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብና የክትባት ካርድ ይነጻጸራሉ፤ ቀጥሎ ልጁን አለቃው በሌለበት ስለሚማርበት ክፍልና ስለ ታላላቅ ወንድም እህቶቹ ዕድሜ ማነጋገር። የጥርስ ምርመራ በዓመታት ሊሳሳት ስለሚችል ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ፦ ቤተሰቡ የሚበላው ከልጁ ደመወዝ ከሆነ መከልከሉ ራሱ ግፍ አይደለም?

መልስ፦ ገቢውን ሳይተኩ መከልከል አዎ፣ ግፍ ነው። ግን ልጁ የሚፈለገው ርካሽ ስለሆነና ስለማይከራከር ነው፤ እሱ ባለበት ሁሉ የአባትና የእናቱ ክፍያም ዝቅ ይላል። በእኔ እይታ ጥያቄው መነሳት ያለበት ዋጋውን ቆርጦ ማስረከቢያ ቀኑን በሚያሳጥረው ገዢ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አለመግዛትስ ይሠራል?

መልስ፦ አስገዳጁ ማን እንደሆነ ይወስነዋል። ኡዝቤኪስታን ውስጥ ልጆችንና አዋቂዎችን ወደ ጥጥ ለቀማ የሚያሰማራው መንግሥት ራሱ ስለነበር፣ የብራንዶች እቀባ በትክክለኛው አካል ላይ አረፈ። የእ.ኤ.አ. 2021 ምርት ያለ መንግሥታዊ አስገዳጅነት መለቀሙ ከተረጋገጠ በኋላ እቀባው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ተነሣ። አስገዳጁ ድህነት ሲሆን ግን ዕቀባው የሚያርፈው በልጁ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ብራንድን ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ የስፌት ፋብሪካዎቹን ብቻ ሳይሆን የክር ፋብሪካዎቹንም ዝርዝር ያወጣል? ልጅ ሲገኝ የልጁን ገቢ ማን ይከፍላል? “ልጅ አግኝተን አናውቅም” ከተባልክ፣ ንዑስ ተቋራጮቹን ለመጨረሻ ጊዜ ሳያሳውቁ የጎበኙት መቼ እንደሆነ ጠይቅ።