ጥያቄና መልስ፦ ለጥብስ የእንጨት ከሰል ወይስ ብሪኬት?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ አነስተኛ ጥብስ ቤት አለኝ። የምጠቀመው ከቆላ የሚመጣውን የግራር ከሰል ነው። ሰሞኑን ብሪኬት ከሰል የሚያከፋፍሉ ሰዎች «ቶሎ አያልቅም፣ ይረክስዎታል» ሲሉኝ ሞከርኩት። ለመያያዝ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፣ ዝልዝሉም ከመጠበስ ይልቅ ውሃውን አውጥቶ ተቀቀለ። ጉድለቱ የከሰሉ ነው ወይስ የእኔ?

መልስ፦ ከሰሉ ለያዙት ሥራ አልሆነም፤ አነዳደድዎም ሳያባብሰው አልቀረም።

የእንጨት ከሰል በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ አየር ውስጡ ድረስ ይገባል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይፋማል፣ ሲያራግቡት ወዲያው ይግላል። ብሪኬት ግን የከሰል ብናኝ፣ ወይም የከሰለ ሰጋቱራና የቡና ገለፈት፣ ከማጣበቂያ ጋር ተቦክቶ የተጨመቀ ነው። ሲጨመቅ ቀዳዳው ስለሚደፈን አየር የሚያገኘው ላይ ላዩን ብቻ ነው። ስለዚህ ለመያያዝ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ከተያያዘ በኋላ ግን ሳይዋዥቅ ረጅም ሰዓት ይቆያል። «ቶሎ አያልቅም» ያሉዎት እውነት ነው። ዝልዝል የሚፈልገው ግን ረጅም እሳት ሳይሆን ኃይለኛ እሳት ነው። የሥጋው ላይ ደርቆ ከ140 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ አይቀላም። እሳቱ ሲደክም ከሥጋው የሚወጣው ውሃ ከሚተነው ይበልጥና ሥጋው በራሱ ውሃ ይበስላል።

ከሁሉ በላይ ማጣበቂያውን ይጠይቁ። በስታርች (ከእህል ወይም ከሥራ ሥር በሚወጣ ዱቄት) የተጣበቀ ብሪኬት ራሱ ማጣበቂያው ይነድዳል። በሞላሰስ (ስኳር ሲመረት በሚተርፈው ጥቁር ዝልግልግ ፈሳሽ) የተጣበቀው መጀመሪያ ላይ ይጨሳል፤ ጢሱ እስኪጠራ ሥጋ አይጣልበትም። በሸክላ አፈር የተጣበቀው ግን አፈሩ ስለማይነድ አመድ ሆኖ ፍሙን ይጋርደዋል። ይህኛው ወጥ ለማንተክተክ ይበቃል፣ ለጥብስ አይሆንም። ሻጩ ካልነገርዎት 1 ኪሎ ደረቅ ብሪኬት ለብቻው አንድደው ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ይተዉትና አመዱን ይመዝኑ። ጥሩ የእንጨት ከሰል ከኪሎው ከ30 እስከ 50 ግራም አመድ ይተዋል። የብሪኬቱ አመድ ከ150 ግራም ካለፈ አይግዙት። ዋጋው ረከሰ የሚባለውም ከዚህ በኋላ ነው የሚሰላው፤ 200 ግራም አፈር ያለበትን ኪሎ ሲገዙ የሚነድልዎት 800 ግራሙ ብቻ ነው።

ከተማውም አንድ ምክንያት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ያንሳል። ቆላው ሸዋ ሮቢት ላይ እሺ ብሎ የነደደ ብሪኬት የጣርማበርን ዳገት ወጥቶ ሲመጣ የሚለግመው አንዱም በዚህ ነው። መፍትሔው ከሥር አየር መስጠት ነው፤ የማንደጃውን የአየር በር ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ፣ ከፍሙ ሥር ያለውን አመድ በየግማሽ ሰዓቱ ይጥረጉ፣ ከሰሉን አይጠቅጥቁት።

ጥብስ ቤት ለሚሠራ ሰው የምንመክረው ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ነው። በስታርች የተጣበቀውን ብሪኬት ገበያው ከመጀመሩ 40 ደቂቃ በፊት አያይዘው ከሥር ያንጥፉት፤ በትእዛዝና በትእዛዝ መካከል እሳቱን የሚያቆይልዎት እሱ ነው። ትእዛዝ ሲመጣ በላዩ ሁለት ሦስት እፍኝ የግራር ከሰል ጨምረው ያራግቡ። ከዚያ መዳፍዎን ሥጋው በሚያርፍበት ከፍታ ላይ ይዘርጉ። ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ብቻ መታገሥ ከቻሉ ለዝልዝል ደርሷል፤ 5 ሰከንድ ከታገሡ ገና ነው። ሙሉ የበግ ታፋ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ብሪኬቱ ብቻውን ይበልጣል።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ ነኝ። የበግ ጎድን ስጠብስ ነበልባል ይነሣና ላዩ ይጠቁራል፣ አጥንቱ ጋ ግን ደም አለው። ከሰል ብቀይር ይሻላል?

መልስ፦ ከሰሉን አይቀይሩ፣ ቦታውን ይቀይሩ። የመንዝ በግ ጮማ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ ይቀጣጠላል፤ ነበልባሉ ደግሞ ሥጋውን በጥላሸት ይለብጠዋል። ፍሙን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሰብስበው ግማሹን ባዶ ያድርጉት። ጎድኑን በባዶው በኩል አጥንቱን ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡ፣ የአሉሚኒየም ድስት ገልብጠው ይክደኑትና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ ወደ ፍሙ አምጥተው በየጎኑ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይለብልቡት። ላት ያለበት ቁራጭ ጭራሽ ፍሙ ላይ አይቀመጥ።

ነበልባል ሲነሣ ውሃ አይርጩ፤ አመዱ ተነሥቶ ሥጋው ላይ ያርፋል። ሥጋውን ያንሱና የአየር በሩን ይዝጉ። አዋዜ ከመነሻው ከተቀባ በርበሬው አርሮ ይመርራል፤ የመጨረሻው 2 ደቂቃ ሲቀር ይቀቡት።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት በጆንያ የምገዛው ከሰል አንዳንዴ ይጨሳል፣ አንዳንዴ ይፈነጥቃል። ሳልገዛ እንዴት ልለየው?

መልስ፦ ሁለት ቁራጭ አንሥተው ያጋጩ። በደንብ የከሰለ እንደ ብረት ይጮኻል፤ እርጥብ ወይም ያልከሰለ ድፍን ድምፅ ነው የሚሰጠው። አንዱን ይስበሩት፤ ስብራቱ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ መሆን አለበት። ውስጡ ቡናማ ከሆነ እንጨቱ ገና ነው፣ የሚጨሰውም እሱ ነው። የሚፈነጥቀው በአብዛኛው እርጥበት የጠጣ ወይም ልጣጭ ያልተለየው ነው፤ ፀሐይ ላይ ያስጡት። ጆንያውን እስከ ሥሩ ያስገልብጡ፣ ብናኙ የሚከማቸው እዚያ ነው።

ለማያያዝ ፌስታል የሚያቃጥሉ ብዙ ናቸው፣ እባካችሁ ተዉት፤ ጢሱ መርዛማ ነው፣ ሽታውም ሥጋው ውስጥ ይገባል። ነጭ ጋዝም እንዲሁ ነው፤ ብሪኬት ደግሞ ጋዙን ይመጥና እስከ መጨረሻው ይሸታል። ትልቅ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሁለቱንም አፍ ቆርጠው ከታች ዙሪያውን 10 ቀዳዳ በሚስማር ይብሱ። ማንደጃው ላይ ያቁሙት፣ ከሥር ደረቅ የባሕር ዛፍ ልጣጭ ያድርጉ፣ ከላይ ከሰሉን ሞልተው ይለኩሱ። በ15 ደቂቃ ውስጥ የላዩ አመድ መልበስ ሲጀምር ጣሳውን በጉጠት ያንሱት። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ለዚህ አይሁን፤ ሲግል የሚወጣው ጢስ ያሳምማል።

ጥያቄ፦ አንኮበር ማታ ብርዱ ከባድ ነው። ከጥብስ የተረፈውን ፍም ጢሱ ከጠፋ በኋላ ቤት ብናስገባው ምን አለበት?

መልስ፦ አያስገቡ። ጢሱ የጠፋ ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ብሪኬትም ከዚህ አያመልጥም፤ እንዲያውም ቀስ ብሎ ስለሚነድ ሌሊቱን ሙሉ ያወጣል። የተረፈውን የእንጨት ከሰል ውጭ ክዳን ባለው ብረት ድስት ውስጥ አፍነው ያጥፉት፣ በሚቀጥለው ቀን ከአዲሱ ቀድሞ ይያያዛል። የብሪኬት ትራፊ ግን ስለሚፈረፈር ለሌላ ቀን እምብዛም አይሆንም። አመዱን በብረት ዕቃ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን አቆይተው በእጅዎ ጀርባ ሙቀት እንደሌለው ካረጋገጡ በኋላ ይድፉት።