ቤተሰብን በጠመንጃ ትረስት ውስጥ ባለአደራ ስለማድረግ

ዳላስ አካባቢ የሚኖሩት ወንድማችን የጠየቁት ባጭሩ ይህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ብቻቸውን ባለአደራ ሆነው ባቋቋሙት የጠመንጃ ትረስት፣ ማለትም መሣሪያን ባለአደራዎች እንዲይዙት በሚያደርግ ሕጋዊ ሰነድ ሥር፣ አንድ የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ (በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እንደ ጦር መሣሪያ የሚመዘገብ) አላቸው፤ የሁለተኛው ማመልከቻ ገና መልስ አላገኘም። አሁን ባለቤታቸውን፣ የ19 ዓመት ልጃቸውን፣ ሎስ አንጀለስ ያለውን ወንድማቸውን፣ እንዲሁም በተማሪ ቪዛ የመጣውን የባለቤታቸውን ወንድም በባለአደራነት መጨመር ይፈልጋሉ። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሆኖም እዚሁ ቴክሳስ በ2017 ያቋቋምሁት ትረስት ስላለኝና በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሰው መጨመርንም መቀነስንም ስላየሁት፣ የማውቀውን ልጻፍልዎ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በሂደት ላይ ያለው ፎርም 4፣ ማለትም ሁለተኛው ድምፅ ማፈኛ ወደ ትረስትዎ እንዲተላለፍ የቀረበው ማመልከቻ፣ እስኪጸድቅ ድረስ በትረስቱ ሰነድ ላይ አንድም ስም እንዳይጨምሩ እመክርዎታለሁ። የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚመለከተው የፌዴራል ቢሮ፣ ማለትም ኤቲኤፍ፣ እየመረመረ ያለው ማመልከቻውን ባስገቡበት ዕለት የነበሩትን ባለአደራዎች ነው፤ መሐል ላይ ሰው ከገባ ለቢሮው ማሳወቅና መመሪያ መጠየቅ ይኖርብዎታል፣ ይህም ጉዳዩን ማጓተቱ አይቀርም። ከጸደቀ በኋላ ግን አዲስ ባለአደራ ሲጨምሩ ለኤቲኤፍ የሚላክ ወረቀት የለም፤ በሰነዱ ላይ የሚደረገው ማሻሻያ ራሱ ይበቃል። ብዙ ሰው በዚህ ተደስቶ ዘመዱን ሁሉ ይደረድራል፤ ዋጋው የሚታየው በሚቀጥለው ግዢ ላይ ነው።

ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ በትረስቱ ውስጥ መሣሪያውን የመያዝ፣ የማጓጓዝና የማስተላለፍ ሥልጣን ያለው ሰው ሁሉ በእያንዳንዱ አዲስ ማመልከቻ ላይ የራሱን መጠይቅ እንዲሞላ፣ ፎቶግራፉንና የጣት አሻራውን እንዲሰጥ፣ የመጠይቁም ቅጂ እሱ ለሚኖርበት አካባቢ የፖሊስ አዛዥ ወይም ሸሪፍ እንዲላክ ያስገድዳል። እኔ ይህን እያወቅሁ፣ «ዘመድ አይደለም እንዴ» በሚል ስሜት የአጎቴን ልጅ አስገብቼ ነበር። እርሱ በግንባታ ሥራ ላይ ሆኖ ጣቶቹ በሲሚንቶ ተበልተው ስለነበር አሻራው ሁለት ጊዜ ተመለሰ፤ ኋላም ሥራው ወደ ሌላ ከተማ ወሰደው፣ እኔም የአንድ ሰው ወረቀት እስኪሟላ ወራት ጠበቅሁ። ከጥር 1 ቀን 2026 ወዲህ የድምፅ ማፈኛ የ200 ዶላር ግብር ዜሮ ስለሆነ ሰው ቶሎ ቶሎ ይገዛል፤ ግብሩ ይቅር እንጂ ምዝገባውና አሻራው አልቀሩምና፣ የባለአደራ ብዛት ከበፊቱ ይልቅ ዛሬ ይከብዳል።

ባለቤትዎን በተመለከተ ግን አላመነታም፤ ማመልከቻው እንደጸደቀ ይጨምሯቸው። እርሳቸው መሣሪያው ያለበትን ካዝና ቁጥር ካወቁና እርስዎ ለሥራ ከከተማ ከወጡ፣ በሰነዱ ላይ ስማቸው የሌለ ሰው የተመዘገበን መሣሪያ በእጁ እንዳደረገ ሊቆጠር ይችላል፤ ያልተመዘገበለትን እንዲህ ያለ መሣሪያ መያዝ ደግሞ እስከ 10 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ነው። ባገራችን አባት ምንሽሩን ለልጁ ሲያወርስ የቃል አደራ ይበቃ ይሆናል፤ እዚህ አደራው የሚኖረው በወረቀቱ ላይ ብቻ ነው።

ልጅዎ 18 ዓመት ስላለፈው ባለአደራ መሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሻጩ ድምፅ ማፈኛውን ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ስለማያስረክብ፣ የሚረከቡት እርስዎ ይሁኑ። ከመጨመርዎ በፊት ግልጽ ጥያቄ ይጠይቁት። የእኔ ልጅ ለትምህርት ኮሎራዶ በሄደ ጊዜ፣ ማሪዋና በዚያ ግዛት ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም የፌዴራል ሕግ ግን የማሪዋና ተጠቃሚ መሣሪያ እንዳይዝ የሚከለክል መሆኑን ቁጭ ብዬ አስረድቼዋለሁ፤ ጥያቄው በመጠይቁ ላይ በግልጽ ሰፍሯል፣ ሐሰት መመለስ ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በቤተሰብ ጠብ ምክንያት ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ቀላል ቅጣት የተቀበለ ዘመድም ካለ፣ «ትንሽ ነገር ናት» ተብላ የምትታለፍ አይደለችም፤ በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው መሣሪያ ከመያዝ ይታገዳል።

የባለቤትዎን ወንድም ግን አይጨምሩ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሣሪያ መያዝ ይችላል፤ በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ የገባ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ቅር እንዳይለው ምክንያቱን ይንገሩት፤ ግሪን ካርዱ ሲመጣ እንደገና ይታሰብበታል።

የሎስ አንጀለሱ ወንድምዎ ጉዳይ ሌላ ነው። እርሱ በራሱ የሚከለክለው ነገር ባይኖር እንኳ ካሊፎርኒያ ድምፅ ማፈኛን ስለማትፈቅድ ወደ ቤቱ ሊወስደው አይችልም፤ ታዲያ የባለአደራነቱ ጥቅም ምንድን ነው? እርስዎን ሊጠይቅ ሲመጣ አጠገቡ ቆመው ሊያስተኩሱት ይችላሉ፤ ለዚህ ስሙ በሰነዱ ላይ መስፈር የለበትም። ሐሳብዎ «እኔ ብሞት እርሱ ይረከበው» ከሆነ፣ ተተኪ ባለአደራ ወይም ተጠቃሚ (የትረስቱ ንብረት በመጨረሻ የሚደርሰው ሰው) አድርገው ይጻፉት። ተተኪው እርስዎ በሕይወት ሳሉ ሥልጣን ስለሌለው አሻራም ሆነ መጠይቅ አይጠየቅም፤ ተጠቃሚም እንዲሁ ነው፣ የመያዝ ሥልጣን በሰነዱ ካልተሰጠው በቀር። እንደማየው፣ ሰው ለባለአደራነት ከሚያሰልፋቸው ዘመዶች አብዛኞቹ ቦታቸው እዚህ ነው።

የወረቀቱ ሥራ ቀላል ነው። የትረስትዎ ሰነድ ስለ ማሻሻያ የሚለውን አንቀጽ ፈልገው ያንብቡ፤ የእኔ መሥራቹ በጽሑፍ እንዲያደርገውና በኖተሪ ፊት እንዲፈርም ይጠይቃል። አዲሱ ባለአደራ መቀበሉን ይፈርማል፣ ማሻሻያው ከዋናው ሰነድ ጋር ይያያዛል፣ ቅጂውም ከጸደቀው ፎርም ጋር መሣሪያው ባለበት ቦታ ይቀመጣል። በዚያው አጋጣሚ ባለአደራ ብቻውን መሸጥ ይችል እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከኢንተርኔት የሚገዙ አንዳንድ ሰነዶች ይህን ሥልጣን ለሁሉም እኩል ይሰጣሉ፣ እኔም የራሴን በጠበቃ ያስቀየርሁት ለዚህ ነው።

መቀነስም በዚያው መንገድ ይፈጸማል። የአጎቴ ልጅ ራሱ አሳስቦኝ ስሙን ያወጣሁት በአንድ ገጽ ማሻሻያ ነበር፤ ከኖተሪው ስመለስ የካዝናውን ቁጥርም ቀየርሁ።