መልስ፦ ከክለቡ መዋጮ የተረፈውን ብር መሥራቾች መካፈል እንችላለን?

አትችሉም። ቮሊቦል ክለቡ ለትርፍ ያልቆመ ነው ካላችሁ፣ ከመዋጮ የተረፈው ብር የክለቡ ነው። መረብና ኳስ ግዙበት። አሰልጣኙ ግን ለሥራው አበል ቢቀበል ትርፍ መካፈል አይባልም፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር ብቻ።

ለምዝገባው፣ የምትንቀሳቀሱት ጅማ ውስጥ ብቻ ከሆነ አዲስ አበባ መመላለሱን ተዉት። የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከአገር በቀል ድርጅቶች በዋናነት የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን ነው። መጀመሪያ የከተማውን ስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

አንድ ነገር ልምከራችሁ፦ የባንክ ሒሳቡ በሰብሳቢው የግል ስም እንዳይከፈት። የማውቀው አንድ የሰፈር ቡድን ሰብሳቢው ሥራ አግኝቶ ከከተማ ሲወጣ ብሩ እዚያው ታስሮ ቀረ። ልጆቹ ክረምቱን ሙሉ ቆዳው በተላጠ ኳስ ተጫወቱ። በክለቡ ስም ይከፈት፣ ፈራሚዎቹም ሁለት ወይም ሦስት ይሁኑ። ባልና ሚስት ባይሆኑ ደግሞ ይመረጣል!