የሕግ ምክር፦ የተማሪ ብድሬ እስኪሰረዝ ምን ያህል ቀረኝ?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ከ2019 መጀመሪያ አንሥቶ በካውንቲው የሕፃናት ደኅንነት ክፍል ሶሻል ወርከር ነኝ። ለማስተርሴ ከፌዴራል መንግሥት በቀጥታ የተበደርኩት 40,000 ዶላር አለብኝ፤ የምከፍለው በገቢዬ ልክ ነው፣ አሁን ሴቭ በሚባለው የክፍያ ዕቅድ ውስጥ ነኝ። በ2009 በባንክ በኩል ከወሰድኩት ብድር ደግሞ 20,000 ይቀራል። በአሥር ዓመት ሁሉም ይሰረዝልኛል ስል ሰርቪሰሩ (ክፍያውን የሚሰበስበው ድርጅት) የባንኩ አይቆጠርም አለኝ። ሥራው አድክሞኛል፤ ለካውንቲው ሠራተኛ የሚያቀርብ ኩባንያ እዚያው ቦታዬ ላይ በተሻለ ደሞዝ ሊቀጥረኝ ይፈልጋል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከኩባንያው ጋር ውል እንዳይፈርሙ። ኮንግረስ በ2007 ያወጣው የሕዝብ አገልግሎት ሠራተኞች የብድር ስረዛ ሕግ የሚያየው ምን እንደሚሠሩ ሳይሆን ማን እንደሚቀጥርዎት ነው። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እነዚያኑ ልጆች እየረዱ፣ ደብልዩ-ቱዎ (አሠሪዎ በየዓመቱ የሚሰጥዎት የደሞዝና የግብር ቅጽ) ላይ ያለው ለትርፍ የቆመ ድርጅት ከሆነ የሚሠሩት ወር አይቆጠርም። ድካምዎ ይገባኛል፤ የሕፃናት ጉዳይ ሰው ይጨርሳል። ግን መሥሪያ ቤት መቀየር ይችላሉ፦ የሕዝብ ትምህርት ቤትም ሆነ 501(ሐ)(3) የተባለ የበጎ አድራጎት ሆስፒታል ቢገቡ ቆጠራው ካቆመበት ይቀጥላል። ለስረዛው የሚያስፈልጉት 120 የክፍያ ወራት (አሥር ዓመት) የግድ ተከታታይ መሆን የለባቸውም፤ በሳምንት 30 ሰዓት ይበቃል፣ ብቁ በሆኑ ሁለት ቦታዎች ተከፍሎም ቢሆን።

ሁለተኛው፣ ሴቭ። ፍርድ ቤት በ2024 ካገደው ወዲህ ክፍያዎ ቆሟል፤ የቆመበት ወር ደግሞ ለስረዛ አይቆጠርም። በኮቪድ ጊዜ የቆመው ክፍያ እንደተከፈለ ስለተቆጠረ ብዙ ሰው ይህም እንደዚያው ይመስለዋል፤ አይደለም። ዛሬውኑ አይ.ቢ.አር. ወደሚባለው፣ በገቢ ልክ ወደሚከፈልበት ሌላ ዕቅድ ለመዛወር ያመልክቱ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የባንኩ ብድር በ2010 የተዘጋው የድሮ ፕሮግራም ስለሆነ እንዳለ ፈጽሞ አይቆጠርም፤ በኮንሶሊዴሽን (የድሮውን ብድር በአዲስ የፌዴራል ብድር በመተካት) ወደ ቀጥታ ብድር መለወጥ አለበት። ሰርቪሰሩ ሁለቱን በአንድ ላይ ያዋህዱ ሊልዎት ይችላል። ከመስማማትዎ በፊት ሒሳቡን ይዩ። የማስተርሱ ብድር እስከ 2024 አጋማሽ 66 ወር ተቆጥሮለታል እንበል፤ የባንኩ ዜሮ ነው። ሲዋሃዱ የሚወሰደው በብድሩ መጠን የተመዘነው አማካይ ነው፦ 66 ወር ወደ 44 ይወርዳል። ያኔ 60,000ው በሙሉ የሚሰረዘው ከ76 ወር በኋላ ነው። የባንኩን ብቻ ለይተው ከለወጡት ግን የማስተርሱ 66 ወር አይነካም፤ 54 ወር ሠርተው 40,000ው ይሰረዛል፣ የባንኩ ደግሞ ከዜሮ ጀምሮ 120 ወር ይጠብቃል።

ስድስት ዓመት ከምናምን በሕዝብ አገልግሎት እቆያለሁ የሚል ሰው ቢያዋህድ ያተርፋል። እርስዎ ግን ደክሞኛል ብለውኛል፤ ስለዚህ የማስተርሱን ብድር ባይነኩት ይሻላል ባይ ነኝ። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለሚደረግ ኮንሶሊዴሽን በገቢ ልክ የሚከፈልበት ዕቅድ ራፕ የተባለው አዲሱ ብቻ ነው። የራፕ ወራት ለስረዛው ይቆጠራሉ፤ ወርሃዊ ክፍያው ግን ከአይ.ቢ.አር. ሊለይ ስለሚችል አስቀድመው ያስሉት።

66 ያልኩት ግምት ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር የሚያውቁት የአሠሪ ማረጋገጫ ቅጹ ሲጸድቅ ነው። በፌዴራል ተማሪዎች እርዳታ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይሞላል፤ የካውንቲው የሰው ኃይል ክፍል ይፈርምበታል። ገንዘብ ክፈሉንና እናስጨርስላችሁ የሚሉትን አይስሙ። ቅጹን ካውንቲው ውስጥ ሳሉ ያስፈርሙ፤ ከለቀቁ በኋላም መብትዎ ነው፣ ነገር ግን ፊርማ ፍለጋ ሲንከራተቱ ያየኋቸው ደንበኞች ብዙ ናቸው። የጸደቀው ቁጥር ሲደርስዎት፣ ኮንሶሊዴሽኑን ከመፈረምዎ በፊት፣ መልሰው ይጻፉልኝ።