ሚዛኑን መሳቢያ ውስጥ ብከተው ክብደቴ ይመለሳል?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ከሰባት ዓመት በፊት 91 ኪሎ ነበርኩ፤ ዛሬ 70 ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ታምሜ ከተኛሁባቸው ጥቂት ቀናት በቀር ወደ አፌ የገባው ሁሉ በስልኬ ላይ ባለ መተግበሪያ ተመዝግቧል። ይህን የምነግርዎ ለመኩራራት አይደለም፤ ነገሩ ከእጄ የወጣ ስለመሰለኝ ነው።

አጀማመሬ ጤናማ ነበር። የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ሐኪሜ ክብደት እንድቀንስ መከሩኝ፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የምትበላውን እየመዘገበች እንደቀነሰች አጫወተችኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዓይኔን ገለጡልኝ። ቀኑን ሙሉ «ምንም አልበላሁም» እያልኩ የኖርኩት እኔ፣ ምግብ ሳበስል ከጠርሙሱ ዘንበል አድርጌ የማፈሰው ዘይት በአንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ እንዳለው፣ ሥራ ቦታ ወሬ ስይዝ የምቆረጥመው ኦቾሎኒም ከምሳዬ እንደማያንስ ያየሁት ያኔ ነው። በ14 ወር ውስጥ 21 ኪሎ ቀነስኩ፤ የደም ግፊቴም ተስተካከለ።

ችግሩ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። መቀነሱ ካበቃ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ መመዝገቡ ግን አላበቃም፤ እንዲያውም እየረቀቀ ሄደ። መጀመሪያ በማንኪያና በጭልፋ እገምት ነበር። ቆይቼ የወጥ ቤት ሚዛን ገዛሁ። ከዚያ አንድ ግራም የሚለየው ሚዛን አላረካኝ ብሎ የግራምን አንድ አሥረኛ የሚለየውን ገዛሁ። አሁን ሙዝ ስበላ ከነልጣጩ እመዝነውና ከበላሁ በኋላ ልጣጩን መልሼ መዝኜ ልዩነቱን እጽፋለሁ። ጨው ለመቅመስ የላስኩትን ማንኪያ እንኳ እጽፋለሁ። ሰው ቤት ስጋበዝ ደግሞ ገና ሳልጎርስ በልቤ ስደምር ጨዋታው ያልፈኛል፤ ሰዎች ሲስቁ አብሬ የምስቀው በምን እንደተሳቀ ሳላውቅ ነው።

ባለፈው ወር ስልኬ ወድቆ ተሰበረና ለጥገና አራት ቀን ቆየ። በእነዚያ ቀናት የበላሁትን በወረቀት ቁርጥራጭ እየጻፍኩ በቦርሳዬ አጠራቀምኩ፤ ስልኩ እንደተመለሰልኝም እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አስገባሁ። ባለቤቴ ከእንቅልፉ ነቅቶ አየኝና «የዓመቱን ሒሳብ የምትዘጊ መሰልሽ» አለኝ። ለቀልድ ነበር፤ እኔን ግን አስለቀሰኝ።

እሱ በቃ ተዪው ይለኛል። ሐኪሜ ውጤቱን አይተው በዚሁ ቀጥዪ ይሉኛል። አንድ ጊዜ ለማቆም ሞክሬም ነበር፤ ከሦስት ቀን በኋላ ሚዛን ላይ ብወጣ 1.4 ኪሎ ጨምሬ አገኘሁና ደንግጬ በዚያው ዕለት ተመለስኩበት። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጄም አሁን አሁን ሳህን ሳቀርብላት «እማዬ፣ ይሄ ስንት ነው?» ማለት ጀምራለች።

ጥያቄዬ አጭር ነው፤ መመዝገቡን ባቆም ክብደቴ ይመለሳል? ካላቆምኩስ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ልኖር ነው?

ከሚዛን ያልተለየሁት

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

ከ1.4 ኪሎዋ ልጀምር፤ ወደ መዝገቡ የመለሰችዎ እሷ ናትና። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ያህል ጉልበት ይዟል። በሦስት ቀን 1.4 ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነትዎ ከሚያስፈልገው በላይ ወደ 10,800 ካሎሪ፣ ማለትም በየቀኑ 3,600 ያህል ትርፍ መብላት ነበረብዎት። ከመደበኛ ምግብዎ ላይ የሁለት ሰው ቀለብ እንደ መጨመር ነው፤ እንዲህ ቢበሉ ኖሮ ለማወቅ ሚዛን ባላስፈለገዎት ነበር። ሙዝ ከነልጣጩ የሚመዝን ሰው ይህችን ሒሳብ ሳያሰላ መደንገጡ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፈገግ አሰኝቶኛል። ያዩት ውሃ ነው ለማለት የሚያስደፍር ምክንያት አለ። ሰውነት ካርቦሃይድሬትን በጉበትና በጡንቻ ሲያከማች ከእያንዳንዱ ግራም ጋር ሦስት ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይይዛል፤ ጨው የበዛበት አንድ እራትም፣ የወር አበባ መቃረብም፣ ገና ከአንጀት ያልወጣ ምግብም ሚዛኑን ከፍ ያደርጉታል። ሳምንት ቢታገሡ ኖሮ አብዛኛው ተመልሶ ይወርድ ነበር። እርስዎ ግን በዕለቱ መመዝገብ ስለጀመሩ ውሃው በራሱ ጊዜ ሲወርድ ያወረደው መዝገቡ መስሎ ታየዎት።

ሚዛን ከሚዛን እየለወጡ ስለሄዱበት ጥንቃቄ ደግሞ እንነጋገር። በመተግበሪያዎ ላይ የሚያዩት ቁጥር ከየት እንደመጣ አስበው ያውቃሉ? አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትዋተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ባካሄደው ምርምር ከአንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4፣ ከፕሮቲን 4፣ ከስብ 9 ካሎሪ እንደሚገኝ አሰላ፤ ዛሬም በአመዛኙ የምንደምረው በእነዚህ አኃዞች ነው። ጥሩ አማካዮች ናቸው፤ ግን አማካዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች 28 ግራም ያህል አልሞንድ (ከኦቾሎኒ የተለየ የለውዝ ዓይነት) የበሉ ሰዎች ሰውነት ምን ያህሉን እንደወሰደ ሲለኩ፣ በተለመደው ስሌት 170 ገደማ ይባል የነበረው 129 ካሎሪ ሆኖ ተገኘ። ቀሪው ጠንካራው የአልሞንድ ሕዋስ ሳይሰበር በሰገራ የወጣ ነው። በዚያው አገር የታሸገ ምግብ ካሎሪ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው እስከ 20 በመቶ ቢበልጥ ሕጉ ይታገሠዋል። እንግዲህ የግራምን አንድ አሥረኛ የሚለይ ሚዛን ይዘው፣ በመቶዎች ሊሳሳት የሚችል ቁጥር እያባዙ ነው። ሚዛንዎ የሙዙን ክብደት ያውቃል፤ አንጀትዎ ከሙዙ ምን ያህል እንደሚወስድ አያውቅም።

ታዲያ እንዲህ ልል ከሆነ 21 ኪሎ እንዴት ቀነስኩ ይሉኝ ይሆናል። የቀነሱት ቁጥሩ ልክ ስለነበረ አይመስለኝም፤ ሳያዩት ያልፍ የነበረው ዘይትና ኦቾሎኒ ስለታየዎት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን ክብደት መቀነስ አልቻልንም የሚሉ ሰዎችን በትክክለኛ ዘዴ ሲለካ፣ የሚበሉትን በአማካይ በ47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ በ51 በመቶ አጋነው ይናገሩ እንደነበር አሳይቷል። ሰዎቹ ውሸታሞች አልነበሩም፤ «ምንም አልበላሁም» የሚለውን እርስዎም በቅን ልብ ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመና ወደ 1,700 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናትም፣ በየቀኑ የመዘገቡት ጨርሶ ካልመዘገቡት እጥፍ ያህል እንደቀነሱ አመልክቷል። ስለዚህ መዝገብ ይሠራል፤ በዚህ ከሐኪምዎ ጋር ነኝ። ነገር ግን ያ ጥናት የተለካው በመቀነሻው ወቅት በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ ልጣጭ እየመዘኑ ሰባት ዓመት መኖር እንደሚያስፈልግ የሚነግረን ነገር የለውም። (እኔም በአንድ ወቅት ሁለት ወር መዝግቤ አቁሜያለሁ። ያቆምኩት በስንፍና ስለሆነ በዚህ ረገድ አርአያ አታድርጉኝ።)

ክብደትዎ ይመለሳል ወይ ለሚለው፣ አይመለስም ብዬ ልዋሽዎ አልችልም። የቀለለ ሰውነት የሚያቃጥለው ካሎሪ ይቀንሳል፣ ረሃቡም ይጨምራል፤ ብዙ ሰው የቀነሰውን መልሶ የሚጭነውም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ እርስዎን የሚመስሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው ብሔራዊ የክብደት ቁጥጥር መዝገብ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የያዙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲከታተል ቆይቷል። አብዛኞቹ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘናሉ፣ በቀንም በአማካይ አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ። ከሁሉም በላይ እርስዎን የሚመለከተው ደግሞ ይህ ነው፤ ክብደቱን ከሁለት እስከ አምስት ዓመት የያዘ ሰው ከዚያ በኋላ የመያዝ ዕድሉ በእጅጉ ይጨምራል። እርስዎ ወደ ስድስት ዓመት ተጠግተዋል። ስለዚህ ንቁ መሆንዎን ይቀጥሉ እላለሁ፤ ነገር ግን ነቅተው የሚጠብቁት ምግቡን ሳይሆን ኪሎውን ቢሆን ይሻላል።

እንዴት ቢባል፣ በአንድ ቀን ሁሉንም አይተዉት፤ ያንን ሞክረው አይተዋል። አስቀድመው ለሁለት ሳምንት ያህል ከመመዘንዎ በፊት ግምትዎን በወረቀት ይጻፉና ከሚዛኑ ጋር ያስተያዩ። ሰባት ዓመት የመዘነ ዓይን ከማሸጊያው ቁጥር ይበልጥ ይሳሳታል ብዬ አልጠብቅም፤ ማመን ግን ያለብዎት የእኔን ቃል ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ከዚያ ረቂቁን ሚዛን መሳቢያ ውስጥ ይክተቱ፤ የሙዙ ልጣጭና የመቅመሻው ማንኪያም አብረውት ይግቡ። ቀጥለው በየቀኑ ተመሳሳይ የሆነውን አንድ ምግብ፣ ለአብዛኛው ሰው ቁርስ ነው፣ ሳይመዘግቡ ይብሉ። አንድ ወር በዚህ ከቆዩ በኋላ ግብዣ ያለበትን ቀን ሙሉ ለሙሉ ይልቀቁት፤ ሌላውንም በዚሁ አኳኋን ቀስ በቀስ ያስከትሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ይመዘኑ፤ የሚያምኑት ግን የሳምንቱን አማካይ ብቻ ይሁን። አማካዩ ለሦስት ተከታታይ ሳምንታት ከ72 በላይ ከሆነ መተግበሪያውን ለሁለት ሳምንት ይክፈቱት፣ የሚያፈሰውን ቀዳዳ ይፈልጉ፣ መልሰው ይዝጉት። ጃንጥላ በሩ አጠገብ ይቀመጣል እንጂ በፀሐይ ተዘርግቶ አይዋልም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ነገሩ የልማድ ብቻ ከሆነ ነው። ስለ ሌሊቱ ሰባት ሰዓትና ስለ ዕንባዎ ሳነብ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ፤ በቂ ይበላሉ? በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በተካሄደ ጥናት 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው በጣም እንዲቀንስ ሲደረግ፣ ሐሳባቸው ሁሉ በምግብ ተያዘ፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍትን እንደ ልብ ወለድ የሚያነቡ፣ የአሠራር መመሪያ የሚሰበስቡም ነበሩ። እንዲህ ያደረጋቸው ጠባያቸው ሳይሆን ረሃቡ ነበር። እርስዎም ተርበው የሚተኙ፣ ያለ ምክንያት የሚበርድዎት ወይም የወር አበባዎ የተዛባ ከሆነ፣ የሚያስጨንቅዎ መዝገቡ ብቻ አይደለም። ቁርስን ሳይመዘግቡ መዋል እንቅልፍ የሚነሳዎት፣ ለማካካስም ምሳ የሚያስዘልልዎት ከሆነ ደግሞ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ይተዉና በአመጋገብ መዛባት ላይ የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ። ሐኪምዎ «በዚሁ ቀጥዪ» ያሉት ግፊቱንና ኪሎውን አይተው ነው። ስለ ወረቀት ቁርጥራጮቹ ነግረዋቸዋል? ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት አልነገሯቸውም። ይህንኑ ደብዳቤ ይዘው ይሂዱና ያስነብቧቸው።

በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ጣል አድርገው ያለፏት የልጅዎ ጥያቄ ግን ወር የሚጠበቅላት አይደለችም። ከዛሬ ጀምሮ በእሷ ፊት ምግብ አይመዝኑ፣ ስልኩንም ማዕድ ላይ አያውጡ። ስለ ካሎሪ ንግግር ማድረግም አያስፈልግም፤ ልጆች ንግግር ከተደረገላቸው ጉዳዩ ትልቅ መሆኑን ያውቁበታል። «ይሄ ስንት ነው?» ስትልዎ «እስቲ ቅመሺውና ጨው አንሶት እንደሆነ ንገሪኝ» ይበሏትና አብረዋት ይቅመሱ። ያን ማንኪያ የትም አይጻፉት።

ያለ መዝገብ ቁርስ የበሉባቸው የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ሲያልፉ ይጻፉልን፤ ኪሎውን ሳይሆን እንቅልፍዎ እንዴት እንደነበረ።