ኢፖክሲ ሲጠነክር ውስጡ ያለውን ስትሬን መለካት፦ ጥያቄና መልስ

በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ በአውቶክሌቭ (ግፊት ባለው ምድጃ) ስለሚጠነክር የካርቦን ፋይበርና ኢፖክሲ ኮምፖዚት (በሙጫ የተያያዙ የካርቦን ክሮች ንብርብሮች) የቀረቡ ጥያቄዎች ናቸው። ስትሬን ማለት ቁሱ ሲሳብ ወይም ሲጨመቅ ከርዝመቱ አንጻር የሚለወጠው መጠን ነው።

ጥያቄ፦ ተራ ፎይል ጌጅ (ስትሬንን በኤሌክትሪክ የሚለካ ስስ የብረት ፎይል) በንብርብሮቹ መካከል ብቀብርስ?

መልስ፦ አልመክርም። ጌጁም ሽቦውም ለአንድ ንብርብር ወፍራም ነው፤ ካርቦን ደግሞ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ትንሽ የተላጠ ሽቦ ሾርት ያደርጋል። ብራግ ግሬቲንግ (አንድ የብርሃን ሞገድ ርዝመት ብቻ የሚያንጸባርቅ፣ ሲሳብ ወይም ሲሞቅ ይህ ርዝመት የሚለወጥ ክፍል) ያለው ኦፕቲካል ፋይበር ይሻላል፤ መስታወቱ 125 ማይክሮሜትር ነው። ልባሱ ፖሊኢማይድ ይሁን፤ የተለመደው አክሪሌት ይህን ሙቀት አይችልም።

ጥያቄ፦ በየት አቅጣጫ ይተኛ?

መልስ፦ ከካርቦን ክሮቹ ጋር ትይዩ። አግድም ከተኛ ክሮቹ በላዩ ይጎብጡና በግራና በቀኙ የዓይን ቅርጽ ያለው የኢፖክሲ ኪስ ይቀራል፤ የሚነበበውም የኪሱ ስትሬን ይሆናል። ችግሩ ግን የኢፖክሲው መኮማተር ጎልቶ የሚታየው በአግድሙ ነው፤ በክሮቹ አቅጣጫ ካርቦኑ ይዞ ያስቀረዋል። አግድሙ ግድ ከሆነ ቀጭን ፋይበር ምረጡ፤ 80 ማይክሮሜትር ወይም ከዚያ በታች።

ጥያቄ፦ ሲቀዘቅዝ ከ1,000 ማይክሮስትሬን (የርዝመቱ ሚሊዮንኛ) በላይ መጨመቅ አነበብኩ። ልመነው?

መልስ፦ የሙቀቱ ድርሻ ተቀንሷል? በ1550 ናኖሜትር አካባቢ ግሬቲንጉ የሚያንጸባርቀው የሞገድ ርዝመት በአንድ ማይክሮስትሬን 1.2፣ በአንድ ዲግሪ ደግሞ 10 ፒኮሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል። ከ180 ወደ 25 ሲወርድ 155 ዲግሪ ነው፤ ማንም ሳይነካው 1,550 ፒኮሜትር ይወርዳል። በስትሬን ሲመነዘር 1,290 ማይክሮስትሬን ገደማ ነው፤ ንባባችሁን ብቻውን ሊሞላው ይችላል! የአንድ ዲግሪ ስህተት ብቻ 8 ማይክሮስትሬን ያሳስታል። ስለዚህ ቴርሞካፕሉ (የሙቀት መለኪያ ሽቦው) በዚያው ንብርብር፣ ከግሬቲንጉ ጎን ይቀመጥ። የሻጋታው ሙቀት አይበቃም፤ ኢፖክሲው ሲጠነክር ራሱ ሙቀት ያወጣል። 10 የሚለው ቁጥርም ሙቀቱ ሲጨምር ከፍ ስለሚል ፋይበሩን ሳትቀብሩ በምድጃ ካሊብሬት አድርጉት።

ጥያቄ፦ የስትሬኑን ዜሮ (መነሻ) የት ልያዝ?

መልስ፦ ኢፖክሲው ጄል ሲሆን፣ ማለትም ሲረጋ። ከዚያ በፊት ፈሳሽ ነው፤ ፋይበሩን አይዘውም።

ጥያቄ፦ አንዱ ፒክ (በስፔክትረሙ ላይ የግሬቲንጉ ነጸብራቅ የሚታይበት ጫፍ) ለሁለት ተከፈለ። ተበላሸ?

መልስ፦ አልተበላሸም። ከጎን የሚጫነው ኃይል በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስላልሆነ ነው። መሣሪያው ግን ከአንዱ ፒክ ወደ ሌላው ሊዘል ስለሚችል ሙሉውን ስፔክትረም አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ፋይበሩ ሁልጊዜ ከኮምፖዚቱ በሚወጣበት ጠርዝ ላይ ይሰበራል።

መልስ፦ በቀጭን የቴፍሎን ቱቦ አሳልፉት፤ ቱቦው ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። አፉን በሲሊኮን ካልደፈናችሁ ግን ኢፖክሲው ገብቶ ይጠነክርና ፋይበሩን ያግደዋል፤ ያኔ ቱቦው ኖረም አልኖረ ያው ነው።