ብሩን ከሳሩ ስር ቅበሩት

የዚህ ወር ጥያቄዎች ሶስቱም ስለ ሜዳ ሆነውብኛል። አንዱ ያወራውን ሌላው ሰምቶ ይሆናል እንግዲህ፣ ደሴና ኮምቦልቻ መሃል ወሬ ከሚኒባስ ይፈጥናል፣ ባንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ከረሙ። እዚሁ ደሴ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሼር አለችኝ፣ ትንሽ ናት ግን የስንት ዓመት ቁጠባዬ እሷው ናት። በቀደም በባለአክሲዮኖች ስብሰባ ላይ አንዱ የቦርድ አባል ብድግ አለና ከካምፓሱ አጠገብ ያለው ተዳፋት ላይ የራሳችን ስታዲየም እንስራ አለ፣ 10 ሺህ ሰው የሚይዝ፣ ጥላ ፎቅ ምናምን ያለው፣ በስሪ ዲ የተሰራ ቪዲዮም አሳየን፣ አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ነበር። ውጭ አገር የግል ዩኒቨርሲቲ ስሙ የሚጠራው በስታዲየሙ ነው አለ፣ ክለቦች እየተከራዩት ወጪውን ይመልሳልም አለ። እኔ ኳስ ነፍሴ ነው፣ እጄን ላወጣ ምንም አልቀረኝም፣ ግን ተማሪዎቻችን ለመውጫ ፈተና ሲያጠኑ ላይብረሪው ወንበር እያጠራቸው መስኮት ላይ ተቀምጠው ነው የሚያነቡት፣ እሱ ትዝ አለኝና እጄ ከጉልበቴ አልነሳ አለ። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንሰጣለን፣ ምን ይሉኛል?
ባለ ትንሿ ሼር፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ያን ቪዲዮ እኔም ባየው አጨበጭብ ነበር። ስሪ ዲ ላይ የሐምሌ ዝናብ የለ፣ ጭቃ የለ፣ ሳሩ ሁሌ አረንጓዴ ነው። ሳላንዛዛ መልሴን ልንገርህና ከዛ እናወራለን፣ ሜዳውን ስሩ፣ ስታዲየሙን ተዉት። ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል እንጂ አንድ አይደሉም። ሜዳ ልጆቻችሁ የሚሮጡበት ነው፣ ስታዲየም ደሞ ተመልካች የሚቀመጥበት ኮንክሪት ነው፣ ብሩን ጥርግ አድርጎ የሚበላው ይሄ ኮንክሪቱ ነው።

የውጭ አገሩ ነገር ውሸት አይደለም፣ ግማሹን ነው የነገራችሁ። ቺካጎ አጠገብ ኖርዝዌስተርን የሚባል የግል ዩኒቨርሲቲ አለ፣ አሮጌውን ስታዲየም አፍርሶ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ አዲስ ልስራ ሲል ከጀርባው የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ትልቅ ስጦታ ነበረው፣ የተማሪ ክፍያ ብቻ ይዞ አይደለም የተነሳው። እንዲያም ሆኖ የሰፈሩ ሰው አይሆንም ብሎ ተሟግቶ የከተማው ምክር ቤት በ2023 በነሱ አቆጣጠር ስታዲየሙ ላይ ኮንሰርት ይፈቀድ በሚለው ድምፅ ሲሰጥ እኩል ለእኩል ተከፍሎ ከንቲባው ነው በራሱ ድምፅ ያሳለፈው። ደሞ ልብ በል፣ አሮጌው 47 ሺህ ሰው ይይዝ ነበር፣ አዲሱ 35 ሺህ ነው። ሌላው የግል ዩኒቨርሲቲ ስታንፎርድም እንደዛው፣ ከ85 ሺህ ወንበር ወደ 50 ሺህ አውርዶ ነው በነሱ 2006 እንደገና የሰራው። ያን ያህል ብር ያላቸው ሰዎች ወንበር እየቀነሱ እናንተ ከዜሮ ተነስታችሁ 10 ሺህ! የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ደሞ እሱም የግል ነው፣ 5 ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን አለው፣ ቡድኑ የሚጫወተው ግን ከካምፓሱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሰው ስታዲየም ውስጥ ነው፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ወርዶ እንደመጫወት በለው። ስታዲየም የራሱ ስላልሆነ ስሙ አልጠፋም። (ያውም የነሱ ፉትቦል ሄልሜት አድርገው በእጅ ይዘውት የሚሮጡት ነው፣ ኳሱ እንኳን የኛ ኳስ አይደለም።)

ሌላም አለ። እዛ ተማሪው ካምፓስ ነው የሚያድረው፣ ቅዳሜ ጨዋታ አለ ሲባል ግቢው በሙሉ ተጠርጎ ይሄዳል። የኛ የግል ዩኒቨርሲቲ ቅዳሜና እሁድ ምን ላይ ነው? ክፍል ላይ! ግማሹ ተማሪ ሰራተኛ ነው፣ የማታና የቅዳሜ እሁድ ነው፣ ከሰኞ እስከ አርብ ባንክ ቤት ወይ ፋብሪካ ውሎ ቅዳሜ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ይመጣል። ጨዋታውም ቅዳሜና እሁድ፣ ትምህርቱም ቅዳሜና እሁድ። በአንደኛው ፎቅ አካውንቲንግ እየተማሩ ከመስኮቱ ስር እንደ አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ደጋፊው ሲጮህ አስበው።

ኪራዩን በተመለከተ ደሞ ያ የቦርድ አባል ኳስ የሚያይ አይመስለኝም፣ ይቅር ይበለኝ። ፕሪሚየር ሊጉ በ2013 በዲኤስቲቪ መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ባብዛኛው በተመረጡ ከተሞች እየተዞረ ነው የሚደረገው፣ ክለቡ በየከተማው ሜዳ የሚከራይበት ነገር ቀርቷል ማለት ይቻላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየሞች ሊጉን አስተናግደዋል፣ እውነት ነው፣ ግን ሁለቱም የመንግስት ናቸው፣ በጀታቸው ከመንግስት ካዝና ነው። ለመመረጥ መብራት ይፈለጋል፣ መልበሻ ክፍል፣ የልምምድ ሜዳ፣ ሆቴል፣ ለካሜራ የሚመች ቦታ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽኑ ካፍማ ከዚህም የባሰ ነው፣ ያን የሚያህል የባህር ዳር ስታዲየም አይሆንም ብሎ ብሄራዊ ቡድናችንን አሰድዶታል፣ ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበትን ጨዋታ ራሱ በሜዳችን ተብሎ የተጫወትነው ማላዊ ሊሎንግዌ ነው። በመንግስት በጀት የተሰራው ያላለፈውን ፈተና በእናንተ ሼር ልታልፉት ነው? ለከተማው ቡድን ከሆነ ደሞ ሆጤ ስታዲየም አለ።

አሁን ወደ መሬቱ ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነው። እኔ ደሴ ነው ያደግኩት፣ ሰፈራችን ሜዳ አልነበረም፣ ተዳፋት ነበር። ኳስ ስንጫወት 11ኛው ልጅ ስራው መጫወት አልነበረም፣ ከታች ቱቦው ጋ ቆሞ የምትንከባለለዋን ኳስ ቦርከና ወንዝ ሳትገባ መያዝ ነበር፣ ብዙ ጊዜ እሱ እኔ ነበርኩ፣ እግሬ ስለማያስተማምን። በሁለተኛው አጋማሽ ታች የሚያጠቃው ቡድን ሁሌ ያሸንፋል። እና ያ ተዳፋታችሁን በስሌት እንየው። ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው። መሬቱ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ቢወርድ እንኳን፣ ደሴ ላይ ይሄ ለጥ ያለ መሬት ነው የሚባለው፣ ሜዳውን ቁልቁል ካስተኛችሁት ከአንዱ ጎል እስከ ሌላው 10 ሜትር ተኩል ልዩነት ይመጣል፣ ባለ ሶስት ፎቅ ቤት ማለት ነው። በጎን ካዞራችሁት ወደ 7 ሜትር ይወርዳል። ያን ከላይ ቆርጦ ከታች መሙላት ነው፣ ሙሌቱ ደሞ በጋቢዮን፣ በሽቦ በታሰረ ድንጋይ ማለቴ ነው፣ ካልተያዘና ውሃው መሄጃ ካልተሰራለት በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሃል ያለ አፈር ምን አመል እንዳለው ለደሴ ሰው አይነገርም፣ ይንሸራተታል። በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፣ አብዛኛውን በክረምት ነው የሚያወርደው፣ ከስር ዋልካ ካለ ደሞ ሲጠጣ ያብጣል ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ክረምቱ ሲያልፍ የበጋው ይመጣል። ሳር በደረቅ ቀን እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይጠጣል፣ ትንሽ ይመስላል አይደል? በ105 በ68 ስታባዛው በቀን ወደ 35 ሺህ 700 ሊትር ነው፣ በቢጫዋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 1785 ጀሪካን። ውሃ በፈረቃ የሚመጣለት ሰፈር መሃል፣ ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ወረፋ በሚጠብቁበት ግድግዳ ማዶ፣ በቀን 1785 ጀሪካን ሳር ላይ ልታፈስ ነው። የራሳችሁ ጉድጓድ ከሌላችሁ ወይ የህንፃዎቻችሁን ጣራ ውሃ ካላጠራቀማችሁ ሳሩ ቢተርፍ እንኳን ከጎረቤት ጋር አትተርፉም።

አንድ ነገር ላጫውትህ። ከዓመታት በፊት እዚሁ አካባቢ፣ ስም አልጠራም፣ አንድ ተቋም ሜዳ ሲሰራ እኛም በቀድሞ ተማሪነት አዋጣን። መጀመሪያ የተሰራው ምን መሰለህ፣ የክብር እንግዳ መቀመጫው። ቆርቆሮው ተቀባ፣ ደረጃው በሴራሚክ ተለበጠ፣ ሪባን ተቆረጠ። ከሜዳው ስር አንድ ቱቦ አልተቀበረም። ሁለተኛው ክረምት ላይ ጎሉ ጋ ያለው ቦታ ኩሬ ሆነ፣ በረኛው ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ነበር የሚያድነው፣ በሶስተኛው ዓመት ሄጄ ሳይ መሃል ሜዳ ላይ ሁለት ፍየሎች ይግጣሉ፣ የክብር መቀመጫው ላይ ደሞ ጠባቂው በርበሬ አስጥቷል። በርበሬው ግን ጥሩ ደርቆ ነበር፣ ያ ሴራሚክ ለሱ ሆነ።

ስለዚህ ስብሰባው ላይ ተቃዋሚ ሆነህ አትነሳ፣ ስታዲየም የሚሉትን ሰዎች ሜዳ አሸክመህ ላካቸው። በላቸው ሜዳውን በጎን እናዙረው፣ ከላይ በኩል የምንቆርጠውን ግድግዳ በእርከን እናውርደው፣ ወሎ እርከን መስራት ማንም አያስተምረውም፣ እርከኑ ላይ ሳር ይብቀልበት፣ ሁለት ሶስት ሺህ ሰው ይቀመጥበታል። ጥላ ፎቅ የለውም፣ ጥላ የሚፈልግ ጃንጥላ ይያዝ። ከኮንክሪቱ የተረፈውን ብር ከሳሩ ስር ቅበሩት፣ ጠጠር፣ ቱቦ፣ ማፋሰሻ፣ ማንም ፎቶ የማያነሳው ነገር ሁሉ። ዙሪያውን የአፈር መሮጫ ከተረፋችሁ ደግ ነው፣ ከባህር ጠለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለነው፣ ሯጭ ለዚህ ከፍታ ብሎ ከሩቅ የሚመጣበት አገር ነው። ጠዋት ጠዋት ለሰፈር ልጆች ክፈቱላቸው፣ ያኔ አጥሩን የሚጠብቅላችሁ ሰፈሩ ነው።

የላይብረሪው ወንበር ግን ከዚህ ሁሉ ይቅደም። የመውጫ ፈተና በ2015 ሲጀመር ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ያለፉት ከመቶ 17 አካባቢ ነበሩ፣ ወላጅ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲመጣ የሚጠይቃችሁ ስንት አሳለፋችሁ ብሎ ነው፣ ጥላ ፎቃችሁ ስንት ይይዛል ብሎ የሚጠይቅ እስካሁን አልሰማሁም። እና ያ የቦርድ አባል ቪዲዮውን ደግሞ ካሳየ እጅህን አውጣና አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው፣ በ3ኛው ዓመት ሳሩን የሚያጠጣው ሰው ማነው፣ ደሞዙስ ከየትኛው በጀት ነው? መልስ ካለው እኔም ሼር እገዛለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ኮምቦልቻ የስፖርት መምህር ነኝ። ውሃና ጭቃ ከሆነ ችግሩ አርቴፊሻል ሳር አንጥፎ መገላገል አይሻልም?

መልስ፦ መምህር፣ መገላገል የሚባል ነገር የለም፣ ሌላ ወጪ ነው የሚሆነው። አርቴፊሻሉ ክፉ አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ በየተራ ለሚጫወት ብዙ ተማሪ ከተፈጥሮው ይሻላል፣ የተፈጥሮ ሳር ከጠዋት እስከ ማታ ከተረገጠ ይመለጣል። ግን እድሜው በደንብ ቢያዝ ከ8 እስከ 10 ዓመት ነው፣ ከዛ ይገፈፍና በዶላር አዲስ ይገዛል፣ መሃሉ የሚበተነው ጥቁር ጎማ በየጊዜው ይቦረሻል ይጨመራል፣ ከስሩም ያው ጠጠርና ቱቦ ይፈልጋል እንጂ ምንጣፍ አይደለም ጭቃ ላይ አይነጠፍም። ደሞ ኮምቦልቻ ከደሴ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ትላለች፣ ሐረጎን ስትወርድ ጃኬትህን የምታወልቀው ለዚህ ነው፣ ፕላስቲክ ሳር በሰባት ሰዓት ፀሐይ እንደ ምጣድ ነው የሚግለው። ልምምዱን ጠዋትና ማታ ካደረጋችሁትና ዛሬ ስትገዙ የመቀየሪያውን ብር በየዓመቱ ማስቀመጥ ከጀመራችሁ ይሁን፣ አለበለዚያ ባለበት አፈሩን ደልድላችሁ መስመሩን በኖራ አስምሩና ተጫወቱ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ካምፓሱ አጥር ጥግ ሻይና አምባሻ እሸጣለሁ፣ ቤቱ የራሴ ነው ካርታ አለኝ። ሜዳ ሊሆን ነው ትነሻለሽ እያሉ ያስጨንቁኛል። ዝም ብለው ሊያነሱኝ ይችላሉ?

መልስ፦ እትዬ፣ ዝም ብሎ ማንሳት የለም። መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፣ ግን በህጋዊ ይዞታ ላይ ያለን ሰው ለማስነሳት አዋጅ አለው፣ ቁጥር 1161/2011 ነው፣ ለህዝብ ጥቅም ነው ተብሎ በሚመለከተው የመንግስት አካል መወሰን አለበት፣ ለንብረትዎ ካሳ ይገመታል፣ ካሳውም ከመነሳትዎ በፊት ነው የሚከፈለው። ዩኒቨርሲቲው በራሱ መጥቶ ተነሺ ሊልዎት አይችልም፣ ካልሸጡለት በስተቀር። ወሬውን ይተዉትና ካርታዎን፣ የግብር ደረሰኝዎንና የንግድ ፈቃድዎን ኮፒ አድርገው ሌላ ሰው ቤት ያስቀምጡ፣ ከዛ ማዘጋጃ ሄደው አጥሩ ጥግ ያለው ቦታ በፕላን ላይ ምን ተብሎ እንደተያዘ በፅሁፍ ይጠይቁ፣ ደብዳቤውን ሲያስገቡ ሁለተኛው ኮፒ ላይ የገቢ ማህተም ሳያስመቱ እንዳይወጡ፣ ነገ ነይ ቢሉዎትም ቁጭ ብለው ይጠብቁ።